«መበተን»፣ «መፍረስ»፣ «መፍታት»፦ የምክር ቤቶችንና የመንግሥታት ኅብረቶችን ፍጻሜ ስለሚገልጹ ቃላት

የሕግንና የመንግሥት አስተዳደርን ቃላት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ዘወትር ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በባዕዱ ቋንቋ አንድ ሆኖ የቆመው ቃል በአማርኛ ብዙ ሆኖ መገኘቱ ነው። እንግሊዝኛው «ዲሶሉሽን»፣ ፈረንሳይኛውም «ዲሶሉሲዮን» የሚለው ስም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በእነዚህ ቋንቋዎች ጨው በውኃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ጋብቻ ሲፈርስ፣ የንግድ ማኅበር ሲያከትም፣ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሲበተን፣ በአንድ ዘውድ ወይም በአንድ ሕገ መንግሥት ሥር የነበሩ አገሮች ሲለያዩ፣ የሁሉም ፍጻሜ በዚሁ በአንድ ስም ይጠራል።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ምክር ቤቱ «ሟሟ» አይልም፤ ጨውም «ተበተነ» ቢል ሰሚው የሚረዳው ጨው መሬት ላይ መዘርገፉን ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ፍጻሜ የየራሱ ግስ አለን። ይህ ብዛት ለቃላት አዘጋጁ ሸክም ሊመስል ይችላል። በአንጻሩ ግን ባዕዱ ቃል የሚሸፍነውን ልዩነት ግልጥ አድርጎ የማሳየት ዕድል ይሰጠናል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው፣ ልዩነቱ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ምክር ቤት «ተዘጋ» ወይስ «ተበተነ»፣ ኅብረት «ፈረሰ» ወይስ አባሉ «ተገነጠለ» የሚለው የቃል ምርጫ ሕጎች ይጸኑ እንደሆነ፣ ዕዳ የማን እንደሆነ፣ በዓለም መድረክ ወንበሩን ማን እንደሚይዝ የወሰነባቸው ጊዜያት አሉና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ታሪክ ቀኖች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በሚመለከት በአገራችን አቈጣጠር ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንጨምራለን።

1. ሥርወ ቃልና አገባብ

የአውሮፓውያኑ ቃል መነሻ ላቲን ነው። «ሶልዌሬ» ማለት መፍታት፣ ማላላት ማለት ሲሆን፣ በፊቱ የሚገባው «ዲስ» መለያየትን ያመለክታል። ስለዚህ በሥርወ ቃል ከሄድን ለእርሱ የሚቀርበው የእኛ ቃል «መፍታት» ነው። ግዕዙ «ፈትሐ» ደግሞ ቋጠሮን መፍታትንም፣ ዳኝነት መስጠትንም ያጠቃልላል፤ «ፍትሕ»ም ለሙታን የሚደረገው «ፍትሐት»ም ከዚሁ የወጡ ናቸው። ዐረብኛም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ የምክር ቤት መበተን በዐረብኛ «ሐል» ይባላል፤ ይኸውም መፍታት ማለት ነው። ዕብራይስጥ ግን ለእስራኤል ምክር ቤት ለክኔሴት መበተን «ፒዙር» ይላል፤ ትርጉሙም መበተን፣ ማሰራጨት ነው። ከሴማውያን እኅትማማች ቋንቋዎች አንዱ ቋጠሮውን ሲመለከት፣ ሌላው ሰዎቹን ተመለከተ ማለት ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ከዕብራይስጥ ጋር ቆሟል።

የአማርኛ ግሶች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚመለከቱ ለመለየት ከዕለት ተዕለት ንግግር መነሣት ይበቃል። ሰልፍ ይበተናል፤ ገበያተኛ ይበተናል፤ መንጋ ይበተናል። ዕቁብ ይፈርሳል፤ ቤት ይፈርሳል፤ ጋብቻም ይፈርሳል። ሹም ይሻራል፤ ሕግም ይሻራል። ቋጠሮ ይፈታል። ደጅ ይዘጋል። ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው፣ የሚበተነው የተሰበሰበ ነው፤ የሚፈርሰው የተሠራ ወይም የተመሠረተ ነው፤ የሚሻረው ሥልጣን ወይም ድንጋጌ ነው፤ የሚፈታው የተቋጠረ ወይም የታሰረ ነው፤ የሚዘጋው ደግሞ ኋላ ሊከፈት የሚችል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የግሶቹ ጠባይ ይመጣል። «በተነ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ያለ በታኝ አይታሰብም። «ተበተነ» ሲሆን ግን «ተ» የተባለው ቅጥያ ሁለት ትርጉም ያስተናግዳል። «ሰልፈኛው ተበተነ» ስንል ሰልፈኛው ጉዳዩን ጨርሶ በገዛ እጁ ወደየቤቱ ሄደ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ በተነው ማለትም ሊሆን ይችላል። «ፈረሰ» ደግሞ ኢተሻጋሪ ነው፤ አፍራሹን ለመጥራት «አፈረሰ» ወደሚለው ማለፍ ግድ ይላል። «ኅብረቱ ፈረሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለ አፍራሹ ምንም አይናገርም፤ ግድግዳው በዝናብ እንደሚፈርስ ሁሉ ኅብረቱም በራሱ የፈረሰ ያስመስለዋል። «ተገነጠለ» በተቃራኒው ገንጣዩን ወይም ተገንጣዩን በግልጽ ይጠቁማል፤ የተገነጠለበትን ግንድም ቆሞ ይተወዋል።

እንግዲህ ለዚህ መስክ ስያሜ ስንመርጥ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ አለብን። አንደኛ፣ ያበቃው ምንድን ነው፤ የዕለት ስብሰባ ነው፣ የአባላት ውክልና ነው፣ ተቋሙ ነው፣ ወይስ ውሉ? ሁለተኛ፣ ያበቃው በማን ነው? ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ የሚቀር ምን አለ?

2. ስለ ምክር ቤቶች

«ምክር ቤት» የሚለው ስያሜ ራሱ በጉዳያችን ላይ ይረዳናል። ቤት ነውና ሰዎቹ ሲበተኑ ቤቱ ይቆማል። በሕገ መንግሥት ትርጉሙ «መበተን» የሚባለው ይኸው ነው፤ የአባላቱ ውክልና ያበቃል፣ ተቋሙ ይቆያል፣ ወንበሮቹም በአዲስ ምርጫ ይሞላሉ። ምርጫን የማያስከትል መበተን በሕግ አነጋገር ጎዶሎ ነው።

ይህ ግንኙነት በአገራችን ሕግም ተደንግጎ ቆይቷል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ የምክር ቤቶቹን መክፈቻ ለማዘግየት፣ ጉባኤያቸውን ለማገድና ለማራዘም፣ እንዲሁም ለመበተን የሚችሉ መሆናቸውን ለያይቶ ደነገገ። የሚበትነው ትእዛዝ ግን በዚያው ጊዜ የአዲስ አባላትን ምርጫ ወይም ሹመት እንዲያዝ፣ አዲሱም ጉባኤ በ4 ወር ውስጥ እንዲጠራ ያስገድድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ60ኛው አንቀጽ ስለ ምክር ቤቱ መበተን ሲደነግግ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመኑ ከማለቁ በፊት አዲስ ምርጫ ለማካሄድ በምክር ቤቱ ፈቃድ ምክር ቤቱ እንዲበተን ለማድረግ እንደሚችሉ፣ ምክር ቤቱ ከተበተነም አዲስ ምርጫ በ6 ወር ውስጥ መደረግ እንዳለበት፣ ምርጫው በተጠናቀቀ በ30 ቀን ውስጥ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ እንደሚጀምር ይገልጻል። ለቃላት ተመራማሪ ከሁሉ የሚስበው ግን ይኸው አንቀጽ ስለ ጣምራ መንግሥት ሲናገር «መፍረስ» የሚለውን ግስ መጠቀሙ ነው። የፓርቲዎቹ ጣምራነት ይፈርሳል፤ ምክር ቤቱ ይበተናል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ፍጻሜዎች በሁለት ግሶች ተለይተዋል። ጣምራነት የተሠራ ውል ነውና ፈረሰ፤ ምክር ቤቱ የተሰበሰቡ እንደራሴዎች ናቸውና ተበተነ። ከባዕድ ቃል ብቻ ተነሥቶ የሚተረጉም ሰው ሁለቱንም በአንድ ቃል በጠራቸው ነበር።

«መበተን» ከእርሱ በታች ከሚገኙት ሁለት ደረጃዎችም መለየት አለበት። የዕለት ስብሰባ ሲያበቃ ጉባኤው «ተነሣ» ወይም ለሌላ ቀን «ተላለፈ» እንላለን። የዓመቱ ወይም የዘመኑ ጉባኤ ሲያበቃ ምክር ቤቱ «ተዘጋ» እንላለን። በንግግር «ስብሰባው ተበተነ» ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ «ምክር ቤቱ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተበተነ» የሚል ዜና አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። እንደራሴዎቹ ለምሳ ተነሡ ማለት ነው ወይስ ውክልናቸው አበቃ?

ልዩነቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በእንግሊዝ አገር በ2019 ታይቷል። መስከረም ወር ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር የእንግሊዝ ፓርላማ ለአምስት ሳምንት ያህል እንዲዘጋ ተደረገ። ይህ በአነጋገራችን «መዘጋት» እንጂ «መበተን» አልነበረም፤ እንደራሴዎቹ እንደራሴነታቸው አልተቋረጠም፣ ምርጫም አልተጠራም። በወሩ በ24ኛው ቀን 11 ዳኞች የተሰየሙበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ፣ የመዝጋቱ ምክር ሕገ ወጥ ስለነበረ ፓርላማው ከመጀመሪያውም አልተዘጋም ሲል ወሰነ። በማግሥቱ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስለ መዘጋቱ የተጻፈው ከመዝገቡ እንዲሰረዝና ምክር ቤቱ ስብሰባውን ለሌላ ቀን እንዳስተላለፈ ተደርጎ እንዲመዘገብ አደረጉ። በመዝገቡ ላይ የተለወጠው የአንድ ቃል ነገር ነው፤ ልዩነቱ ግን በጅምር የነበሩት ረቂቅ ሕጎች ወድቀዋል ወይስ ቆመዋል የሚል ነበር። ጉባኤ ሲዘጋ ያልጸደቁ ረቂቆች በልማድ ይወድቃሉና።

ይኸው ምክር ቤት ከዚያ በፊት ከ350 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ከዚህ የባሰ የቃል ክርክር አይቷል። በ1640 የተሰበሰበው፣ በታሪክ «ረጅሙ ፓርላማ» የሚባለው ጉባኤ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ራሱ ፈቃድ እንዳይበተን፣ እንዳይዘጋና ስብሰባው እንዳይተላለፍ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ አስጸደቀ። በ1653 ሚያዝያ 20 ቀን ኦሊቨር ክሮምዌል ወታደሮች አስገብቶ ከዚያ ጉባኤ የቀሩትን አባላት ከአዳራሹ አስወጣ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሄንሪ ስኮቤልም በዕለቱ መዝገብ ላይ ጄኔራሉ ፓርላማውን እንደበተነ ጻፈ። ክሮምዌል ከሞተ በኋላ እነዚያው አባላት ተመልሰው ሲቀመጡ፣ በ1660 ጥር ወር ስኮቤልን ወደ ምክር ቤቱ አስቀርበው ስለ ጻፈው ቃል ጠየቁት፤ ጽሑፉንም ሐሰተኛ ነው ብለው ወሰኑ።

ጠቡ ስለ ምን እንደነበረ በአማርኛ ግሶች ስናስቀምጠው ወለል ብሎ ይታያል። አባላቱ ከአዳራሹ «መባረራቸውን» ማንም አልካደም። ጉባኤው «ተበተነ» ከተባለ ግን ውክልናቸው በ1653 አብቅቷል፤ በ1660 የተቀመጡት ሰዎችም ከተራ ዜጋ የተለየ ሥልጣን የላቸውም። እነርሱ እንደሚሉት ጉባኤው በኀይል «ተቋርጦ» ነበር፤ ስለዚህ መቀጠል ይችላል። የጸሐፊው ጥፋት ያየውን መጻፉ ሳይሆን፣ ላየው ነገር በሕግ የተለየ ውጤት ያለውን ግስ መምረጡ ነበር። ያ ጉባኤ በሕጋዊ መንገድ ራሱን የበተነው በዚያው በ1660 መጋቢት ወር ነው።

አንዳንድ ምክር ቤቶች ደግሞ ከቶ አይበተኑም። የህንድ ሕገ መንግሥት የክፍላተ አገሩን ምክር ቤት፣ ራጅያ ሳባን፣ የማይበተን አድርጎታል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በየሁለት ዓመቱ እየለቀቁ በሌሎች ይተካሉ። በፈረንሳይም በ1958ቱ ሕገ መንግሥት 12ኛ አንቀጽ መሠረት ፕሬዚዳንቱ የሚበትኑት ብሔራዊ ሸንጎውን ብቻ ነው፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ይቆያል። በዚያው አንቀጽ ምርጫው ከ20 ቀን ባላነሰ፣ ከ40 ቀንም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይደረጋል፤ በምርጫው ማግሥት ባለው አንድ ዓመት ውስጥም ዳግመኛ መበተን አይፈቀድም። በ2024 ሰኔ 9 ቀን ብሔራዊ ሸንጎው ሲበተን ምርጫው ሰኔ 30 እና ሐምሌ 7 ቀን የተካሄደው በዚህ መሠረት ነው።

በሌላ በኩል፣ ቤቱም ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሲጠፋ «ተበተነ» ማለት አነሰ ያለ ቃል ነው። በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ደርግ ሥልጣን ሲይዝ፣ ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ ሥር የያዘው የሁለት ምክር ቤቶች ሥርዓት አበቃ። አገሪቱ ለሕግ አውጪ አካል እንደገና ምርጫ ያደረገችው በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ለብሔራዊ ሸንጎ ነበር፤ ይህም በሌላ ሕገ መንግሥት የቆመ ሌላ ተቋም ነው። በመካከሉ ያለፈው ከ12 ዓመት የበለጠ ጊዜ ነው። ይህን ፍጻሜ «መበተን» ብለን የምንመዘግብ ከሆነ፣ በ4 ወር ወይም በ6 ወር ውስጥ ምርጫ የሚያስከትለውን ሕጋዊ መበተንና ተቋሙን ከነመሠረቱ ማንሣትን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። ለሁለተኛው «መፍረስ» ይገባዋል ብለን እናምናለን።

3. ስለ መንግሥታት ኅብረት

የመንግሥታት ኅብረት ሰዎች የተሰበሰቡበት ጉባኤ ስላልሆነ አይበተንም፤ የተመሠረተ ነገር ነውና ይፈርሳል። ነገር ግን «መፍረስ» ጠቅላላ ስም እንጂ የአፈራረሱን መንገድ አይነግረንም። ይህን ለመረዳት የቤተሰብ ሕጋችን ጥሩ አርአያ ይሰጠናል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ «የጋብቻ መፍረስ» በሚለው ጠቅላላ ርእስ ሥር ሞትን፣ በሕግ የተከለከለ ጋብቻ እንዲፈርስ የሚሰጥን ውሳኔና ፍቺን ያስገባል። ፍቺ ከመፍረስ መንገዶች አንዱ ነው፤ የሞተበት ሰው ጋብቻው ፈረሰ እንጂ ተፋታ አይባልም። በኅብረቶችም ረገድ እንዲሁ ጠቅላላውን ስም ከዝርዝሮቹ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ስዊድንና ኖርዌይ ናቸው። ከ1814 ጀምሮ በአንድ ንጉሥ ሥር ተባብረው የኖሩት እነዚህ ሁለት መንግሥታት በ1905 ተለያዩ። የኖርዌይ ምክር ቤት፣ ስቶርቲንግ፣ አገሪቱ የራሷ የቆንስላ አገልግሎት እንዲኖራት ያወጣውን ሕግ ንጉሥ ኦስካር 2ኛ አላጸድቅም አሉ፤ የኖርዌይ ሚኒስትሮች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ንጉሡም ሌላ መንግሥት ማቋቋም እንደማይችሉ ገለጹ። ሰኔ 7 ቀን ስቶርቲንግ ባሳለፈው ውሳኔ ዋናው ዐረፍተ ነገር የለቀቁት ሚኒስትሮች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ነው። የኅብረቱ ነገር የገባው በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ነው፤ ንጉሡ የኖርዌይ ንጉሥ ሆነው መሥራታቸው ስለተቋረጠ በአንድ ንጉሥ ሥር የነበረው ኅብረት የፈረሰ መሆኑን ይጠቅሳል። ስለዚህ የኖርዌይ ምክር ቤት በሰዋስው ረገድ «አፈረስን» አላለም። ንጉሡ ሥራቸውን አቁመዋል፤ ኅብረቱም በዚህ የተነሣ ፈርሷል ነው ያለው። የአማርኛው ኢተሻጋሪ ግስ «ፈረሰ» ይህን ስልት በትክክል ይገልጸዋል።

ስዊድን በበኩሏ በሁለት ወገን የቆመ ኅብረት በአንድ ወገን ቃል አይፈርስም ብላ ሕዝበ ውሳኔና ድርድር ጠየቀች። ነሐሴ 13 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ኖርዌያውያን የተጠየቁት ኅብረቱ ይፍረስ ወይስ አይፍረስ ተብለው አልነበረም፤ ቀድሞ በተፈጸመው መፍረስ ይስማሙ እንደሆነ ነበር። 368,208 ሰዎች ይስማማሉ፣ 184 ሰዎች አይስማሙም ሲሉ መለሱ። በጥያቄው ውስጥ የገባው የኀላፊ ጊዜ ቅጽል የአገሪቱን አቋም ሳያስነካ የስዊድንን ጥያቄ ለማሟላት አስቻለ። ከዚያም በካርልስታድ ከተማ ተደራድረው ተስማሙ፤ ጥቅምት 26 ቀንም ንጉሡ የኖርዌይን ዘውድ ተው። ኖርዌይ ለፍጻሜው የምትጠቅሰው ቀን ሰኔ 7 ሲሆን፣ በስዊድን አቋም ፍጻሜው በስምምነት የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። በሁለት ቀኖቹ መካከል ያለው ልዩነት «ፈረሰ» በሚለውና «በስምምነት ፈረሰ» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በ1991 እና በ1992 በምሥራቅ አውሮፓ የሆነው ደግሞ ሦስት ዐይነት ፍጻሜ ጎን ለጎን ያሳየናል። ሶቪየት ኅብረትን በሚመለከት ሩሲያ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ በ1991 ታኅሣሥ 8 ቀን በተፈራረሙት ስምምነት ኅብረቱ በዓለም አቀፍ ሕግ ፊት ሕልውናው ማክተሙን ገለጹ። በዚያው ወር ግን ሩሲያ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሶቪየት ኅብረትን አባልነት፣ የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ ወንበር ጭምር፣ የምትቀጥል መሆኗን አስታወቀች፤ ወንበሩንም ያዘች። በዚህ ረገድ ሩሲያ «ቀጣይ» መንግሥት ናት እንላለን፤ ሌሎቹ «ተተኪ» ናቸው።

ዩጎዝላቪያ ላይ የሆነው የተለየ ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ያቋቋመውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሮቤር ባዳንቴር የተመራው የግልግል ኮሚሽን በ1991 ኅዳር 29 ቀን በሰጠው የመጀመሪያ አስተያየት፣ ፌዴሬሽኑ «በመፍረስ ላይ» መሆኑን ገለጸ። ቤልግሬድ ግን ሌሎቹ ሪፐብሊኮች ተገንጥለዋል እንጂ ዩጎዝላቪያ አልፈረሰችም ባይ ነበረች። ግንዱ ቆሞ ቅርንጫፎቹ ከተገነጠሉ የዓለም መድረኩ ወንበር፣ ንብረቱና ስሙ የግንዱ ይሆናል፤ ግንዱ ራሱ ከፈረሰ ግን ሁሉም እኩል ተተኪ ይሆናሉ። ኮሚሽኑ በ1992 ሐምሌ ወር መፍረሱ ተፈጽሟል አለ፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በመስከረም 19 ቀን በ777ኛው ውሳኔው፣ ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ያቋቋሙት አገር የቀድሞውን አባልነት በቀጥታ ሊቀጥል እንደማይችል ወሰነ። ያ አገር በመጨረሻ እንደ አዲስ አባል አመልክቶ የገባው በ2000 ኅዳር 1 ቀን ነው። «መፍረስ» እና «መገንጠል» በተባሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ለቤልግሬድ የስምንት ዓመት ርቀት ሆነ።

ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ ፍጻሜዋን በራሷ ፌዴራላዊ ምክር ቤት ሕግ ወሰነች። በ1992 ኅዳር 25 ቀን የጸደቀው ሕገ መንግሥታዊ ሕግ ፌዴሬሽኑ በታኅሣሥ 31 ቀን ሕልውናው እንዲያከትም ደነገገ። በሕጉ ስም ላይ የሰፈረው የቼክኛ ቃል «ዛኒክ» ሲሆን፣ ማክተምን፣ ከሕልውና መውጣትን የሚያመለክት ነው። ገንጣይም ተገንጣይም አልተጠራም። ቼክ ሪፐብሊክና ስሎቫኪያ ሁለቱም በ1993 ጥር 19 ቀን በአዲስ አባልነት ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገቡ፤ የፌዴሬሽኑም ንብረት በአብዛኛው በሕዝብ ብዛት መጠን ሁለት ለአንድ ተከፈለ። ይህ በእኛ የንግድ ሕግ አነጋገር የማኅበር መፍረስ ከሒሳብ ማጣራት ጋር እንደሚሄደው ያለ ነው።

የምክር ቤትና የኅብረት ፍጻሜ በአንድ ቀን የገጠመበትን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1950 ታኅሣሥ 2 ቀን በተላለፈው ውሳኔ መሠረት በ1945 ዓ.ም. መግቢያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋቀረች፤ የራሷም ምክር ቤት ነበራት። በ1955 ዓ.ም. ኅዳር ወር ፌዴሬሽኑ ሲያከትም ያ ምክር ቤትም አብሮ አከተመ። በዘመኑ የመንግሥት አነጋገር ድርጊቱ «ውሕደት» ነው፤ በኋላ በታሪክ ጽሑፎች የተለመደው «የፌዴሬሽኑ መፍረስ» ነው፤ የተቃወሙት ወገኖችም «ማፍረስ» ብለው በተሻጋሪው ግስ አድራጊውን ይጠሩታል። በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የሆነውንም አንዱ «መገንጠል»፣ ሌላው «ነጻነት» ይለዋል። መዝገበ ቃላት ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ሁሉንም መዝግቦ፣ እያንዳንዱ ቃል የትኛውን ወገን አድራጊ እንደሚያደርግና የትኛው ነገር ቆሞ እንደቀረ እንደሚቈጥር ማስረዳት ግን ግዴታው ነው። ሰው ደሙን ባፈሰሰበት ጉዳይ የቃላት አዘጋጅ የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት፣ ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩበት ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ ማድረግ ነው።

4. ለስያሜዎቹ የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን አከፋፈል ለአንባብያን እናቀርባለን።

ሀ) መነሣት፣ መተላለፍ፦ የአንድ ዕለት ስብሰባ ማብቃት። ውክልናም ጉባኤም ይቀጥላል።

ለ) መዘጋት፦ የአንድ ጉባኤ ዘመን ማብቃት። ውክልናው ይቀጥላል፤ ምክር ቤቱ ኋላ ይከፈታል።

ሐ) መቋረጥ፦ ጉባኤው ከሕግ ውጪ በሆነ ኀይል ሥራው መቆም። የውክልናው ዕጣ አከራካሪ ሆኖ ይቆያል።

መ) መበተን፦ የምክር ቤት አባላት ውክልና ከዘመኑ በፊት ወይም በዘመኑ መጨረሻ በሕግ ማብቃት። ተቋሙ ይቆያል፤ ምርጫ ይከተላል። በታኙ በሚታወቅበት ጊዜ «ተበተነ» በማለት ብቻ ሳንወሰን «እገሌ በተነው» ወይም «ምክር ቤቱ ራሱን በተነ» ማለት ይገባል።

ሠ) መፍረስ፦ የምክር ቤት ተቋሙ ራሱ ወይም የመንግሥታት ኅብረት ማክተም። ለኅብረት ሲሆን ጠቅላላ ስም ነው፤ «በስምምነት መፍረስ» እና «በአንድ ወገን ማፍረስ» እየተባለ ይዘረዘራል።

ረ) መገንጠል፦ አንድ ክፍል ሲለይ የቀረው አካል በነበረ ማንነቱ መቀጠሉ።

ሰ) መጠቅለል፣ መዋሐድ፦ ኅብረቱ አብቅቶ አንዱ አካል በሌላው ውስጥ መግባቱ። ሁለተኛው ቃል ፈቃድን ስለሚያሳይ ፈቃዱ በሚያከራክርበት ቦታ ጥንቃቄ ይሻል።

ሸ) ቀጣይ መንግሥት፣ ተተኪ መንግሥት፦ የመጀመሪያው የቀድሞውን አካል ማንነት ይዞ የሚሄድ፤ ሁለተኛው አዲስ አካል ሆኖ መብትና ግዴታ የሚረከብ። «ወራሽ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚያደባልቅ በሕግ ጽሑፍ ባይገባ እንመርጣለን።

«መሻር» ለሕግና ለሹመት ተለይቶ ይቆይ። አንድ የኅብረት ሕግ ሲሻር ኅብረቱ ይፈርሳል፤ ሕጉ ግን አይፈርስም፣ ኅብረቱም አይሻርም። «መፍታት»ም ለቋጠሮና ለውል ይቅር፤ በሥርወ ቃል ለላቲኑ ቅርብ መሆኑ ብቻውን ወደ ምክር ቤት እንድናስገባው አያደርገንም። ተናጋሪው ሕዝብ ያልሰጠውን ቦታ በሥርወ ቃል ክርክር ለአንድ ቃል መስጠት አድሮ የማይጸና ስያሜ ያስከትላል።

ዜና ተርጓሚዎች፣ የሕግ አርቃቂዎችና መምህራን ይህን አከፋፈል በየሥራቸው ፈትነው እንዲያዩት እንጋብዛለን። ከተለያዩ ክፍላተ አገር የሚገኙ ሌሎች አነጋገሮች ቢጠቁሙን፣ በተለይም ስለ ማኅበርና ስለ ሸንጎ መበተንና መፍረስ በየአካባቢው የሚነገሩ ግሶች ቢላኩልን፣ በሚቀጥሉት እትሞች እያነጻጸርን እናቀርባቸዋለን።